ሰባተኛው መስመር ላይ እምቢ ያለው ፕለጊን

መጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ፣ እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። ሰው «ጥላ አየሁ»፣ «ስሜን ጠሩኝ» ሲለኝ «ማታ ምን በልተህ ነው የተኛኸው?» ብዬ ሙድ የምይዝ ሴት ነኝ፣ እናቴ እንኳ ሕልሟን ለጎረቤት እንጂ ለእኔ መንገር ካቆመች ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ የምነግራችሁን ስትሰሙ «ይቺ ደግሞ ምን ነካት» ብትሉ አልቀየምም፣ ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም እንደዚያው ነበር የምለው። ግን እመኑኝ ሆኗል፣ ያውም ሌሊት አይደለም፣ በነሐሴ ዝናብ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፒያሳ መሐል፣ ከታች የታክሲ ረዳት «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» እያለ በሚጮህበት ሰዓት ነው የሆነው።

የምሠራው ትርጉም ቤት ነው። ከጊዮርጊስ ቁልቁል ስትወርዱ ወለሉ ጣውላ የሆነ፣ ሰው በኮሪደሩ ባለፈ ቁጥር ወንበሬ የሚነቃነቅበት ያረጀ ፎቅ አለ፣ እዚያ ላይ ነን። ሰው የልደት ወረቀት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ይዞ ይመጣል፣ እኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሰን ማኅተም እናደርግበታለን። ቤቱ የጋሽ ወንድሙ ነው፣ ሰባ ካለፋቸው ቆይተዋል፣ እኔ ራሄል ደግሞ ተርጓሚም ጸሐፊም በር ከፋችም ነኝ። ጋሽ ወንድሙ ቢሞቱ የማይለቁት አንድ ሥርዓት አላቸው፣ ማመሳከር ይሉታል። ትርጉሙ ሲያልቅ እኔ ጮክ ብዬ መስመር በመስመር አነባለሁ፣ እሳቸው ፊት ለፊቴ ካለው ጠረጴዛቸው ላይ ዋናውን ዘርግተው በእርሳስ ይከተላሉ፣ መስመሩ ልክ ከሆነ በእርሳሱ ጠረጴዛውን አንዴ ኳ ያደርጉታል፣ እቀጥላለሁ፣ ስህተት ካለ ሁለቴ፣ ኳ ኳ፣ እቆማለሁ። አንድም ቃል አይናገሩም። ስድስት ዓመት እንዲህ ስለሠራን ቤቴ ቁጭ ብዬ እንኳ ያ ድምፅ አንዳንዴ ጆሮዬ ውስጥ ይመጣል፣ ይሄንን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ «ጆሮሽ ነው» የሚል እንዳለ ስለማውቅ ነው፣ እኔም መጀመሪያ ያልኩት ያንኑ ነው።

አሁን ስለ ፕለጊኑ ልንገራችሁ፣ ታገሱኝ፣ ከባድ ነገር አይደለም። የምጽፍበት ፕሮግራም ተራ የጽሑፍ ኤዲተር ነው፣ ፕለጊን ማለት እሱ ላይ የሚሰካ ትንሽ ጭማሪ ነው። የሠራልኝ አብሮ አደጌ ናትናኤል ነው፣ እንጀራው ኮምፒውተር ነው፣ እኔ በየቀኑ «ቀን መቀየር ሊያሳብደኝ ነው» እያልኩ ስነተርከው ሰልችቶት ነው የሠራልኝ። መቼም ታውቁታላችሁ፣ የእኛ አቆጣጠርና የፈረንጁ ሰባት ስምንት ዓመት ይራራቃሉ፣ ወሩም ቀኑም አይገጥምም፣ ግማሹ አገር ሁለት የልደት ቀን ይዞ ነው የሚዞረው። ፕለጊኑ ሦስት ትዕዛዝ ብቻ ነው ያለው፤ «ቀን ቀይር»፣ «ስም ጻፍ» እና «ማረጋገጫ»። ሁለት ቁልፍ ስጫን ዝርዝሩ ብቅ ይላል፣ አንዱን እመርጣለሁ፣ አለቀ። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም።

የዚያን ዕለት ጋሽ ወንድሙ በጠዋት ሰንዳፋ ለቅሶ ሄደዋል። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው «ራሄል፣ ዛሬ የሚያመሳክር የለም፣ አስቸኳይ ነገር እንዳትቀበዪ» ብለውኛል፣ እኔም «እሺ ጋሼ» ብያለሁ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ደግሞ እትዬ ታየች መጡ።

እትዬ ታየች ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ባልዲና ሳፋ የሚሸጡ ሴት ናቸው፣ በዓይን እንተዋወቃለን፣ የቤቴ ሳፋ ራሱ ከእሳቸው የተገዛ ነው። ጀርባቸው ላይ ልጅ አዝለዋል፣ ሕፃን እንዳይመስላችሁ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ናት፣ እግሮቿ ተንዘላዝለዋል፣ ከንፈሯ ጥቁር እንጆሪ የበላች ይመስል ጠቁሯል። ኮሪደሩ ላይ ያለችው አግዳሚ ላይ አስቀመጧትና ነጠላቸውን አለበሷት።

«ደረጃ አትችልም» አሉኝ እያለከለኩ። «ልቧ ነው። ሜሮን ትባላለች፣ የእህቴ ልጅ ናት።»

ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ነገሩኝ። ልጆችን ውጭ አገር ወስደው ልብ የሚያሳክሙ ሐኪሞች መጥተዋል፣ ሜሮን ተመርምራ ቦታ አግኝታለች፣ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ አሳዳጊዋ እሳቸው መሆናቸውን የሚገልጸው የፍርድ ቤት ውሳኔ በእንግሊዝኛ። እሱ ደግሞ ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልገባ ቦታው ለተጠባባቂ ልጅ ይሰጣል፣ ለሜሮን የሚቀጥለው ዙር መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ ሐኪሙም «ብዙ አትጠብቅም» ብሏቸዋል።

«ለምን እስከ ዛሬ ቆዩ እትዬ?» አልኳቸው፣ ተናድጄ፣ እኔ ሲጨንቀኝ የሚቀናኝ ቁጣ ነው።

«ትናንት ማታ ነዋ የነገሩኝ የኔ ልጅ! ውሳኔው በአማርኛ ይበቃል ብለውኝ ነበር። ሦስት ቤት ዞሬያለሁ፣ ሁሉም ነገ ይላል።»

ልጅቷን አየኋት። እሷ ደግሞ እኔን አላየችም፣ ነጠላውን ጣቷ ላይ እየጠቀለለች ትተነፍሳለች፣ መተንፈስ ሥራ የሆነባት ነው የምትመስለው። ምን ልበላችሁ፣ ማኅደሩን ተቀብዬ ገባሁ።

ውሳኔው አሥራ ዘጠኝ መስመር ነው፣ ለእኔ የአርባ ደቂቃ ሥራ ነው። ነገሩም ያልተወሳሰበ ነው፣ አባትየው ገና ልጅቷ ሳትወለድ የጠፋ ነው፣ ሰባተኛው መስመር ላይ ደግሞ «የሕፃኗ ወላጅ እናት ወ/ሮ ዘነበች ታደሰ መጋቢት 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞት የተለየች መሆኑ ስለተረጋገጠ» ይላል፣ ስለዚህ አክስትየዋ አሳዳጊ ይሁኑ ነው። እንደ ልማዴ መጀመሪያ አማርኛውን ጻፍኩና ትዕዛዞቹን ለመጥራት ሁለቱን ቁልፎች ተጫንኩ። ዝርዝሩ ብቅ አለ፣ ውስጡ ባዶ ነው፣ «ትዕዛዝ አልተገኘም» ይላል።

የዚያን ጊዜ ነው ከጋሽ ወንድሙ ጠረጴዛ በኩል ኳ ኳ ያለው። ዝናብ ነው አልኩ፣ ጣራው ያፈሳል፣ ቀና ብዬም አላየሁ።

ኤዲተሩን ዘግቼ ከፈትኩ፣ ባዶ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሳሁ፣ ባዶ። ፕለጊኑን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት፣ ያው ነው። ከዚያ የትናንት ፋይል ከፈትኩ፣ የአንድ ሙሽራ የጋብቻ ወረቀት፣ ሦስቱም ትዕዛዞች ቁጭ ብለዋል! ወደ እትዬ ታየች ፋይል ስመለስ የሉም። አዲስ ባዶ ገጽ ከፈትኩ፣ አሉ። የውሳኔውን ጽሑፍ ገልብጬ እዚያ ላይ ስለጥፈው ጠፉ።

ናትናኤል ያስተማረኝ አንድ ዘዴ አለ፣ ነገር ሲበላሽ ግማሹን ቁረጪ፣ ከተስተካከለ ችግሩ የቆረጥሽው ውስጥ ነው፣ ካልተስተካከለ የቀረው ውስጥ ነው፣ እንዲህ እያልሽ ግማሽ በግማሽ ውረጂ ይላል። ቆረጥኩ፣ ወረድኩ፣ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ቀረ፣ ሰባተኛው። እሱ ሲወጣ ትዕዛዞቹ ይመጣሉ፣ እሱ ሲገባ ይጠፋሉ። የሆነ የማይታይ ቆሻሻ ምልክት ገብቶበታል ብዬ አጥፍቼ በእጄ እንደገና ጻፍኩት፣ ፊደል በፊደል። ጠፉ። ከወዲያ ደግሞ ኳ ኳ።

አሁን ተነሳሁ። የጋሽ ወንድሙ ጠረጴዛ ላይ የመነጽር ቤታቸውና የተገለበጠ ብርጭቆ ብቻ ነው ያለው፣ እጄን አስኬድኩበት፣ ደረቅ ነው፣ ጠብታ የለም። ጣራውንም አየሁ፣ የሚያፈሰው በእኔ በኩል ነው እንጂ በእሳቸው በኩል አይደለም። ደህና፣ ጣውላ ነው፣ ጣውላ በዝናብ ያብጣል ብዬ ተመለስኩና ናትናኤል ጋ ደወልኩ።

«ናቲ፣ ፕለጊንህ አንድ መስመር አልወድም ብሏል።»

«ምን?»

ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ «ራሂ፣ ስሚኝ፣ ፕለጊኑ ሲነሳ የጻፍሽውን ነገር ጭራሽ አያነበውም። ትዕዛዞቹን ይደረድራል፣ ቁጭ ይላል። ገጹ ላይ ምን እንዳለ የሚያየው አንቺ ትዕዛዝ ስትሰጪው ብቻ ነው» አለኝ።

«ታዲያ እያየ ነው።»

«አይችልም እኮ ነው የምልሽ! እስቲ ዓመቱን ቀይሪው።»

2012ን 2013 አደረግሁት። ሦስቱም ትዕዛዞች መጡ። ወደ 2012 መለስኩት፣ ጠፉ። 2011፣ መጡ። 2012፣ ጠፉ። ስሙን ትቼ ቀኑን ብቻ ሌላ ገጽ ላይ ጻፍኩት፣ መጋቢት 14 ቀን 2012፣ ምንም አልሆነም፣ ትዕዛዞቹ አሉ። ከዘነበች ታደሰ ስም ጋር ሲሆን ብቻ ነው እምቢ የሚለው። ለናትናኤል እያንዳንዱን እየነገርኩት ነበር፣ መጨረሻ ላይ «ቤት ሆኜ አየዋለሁ፣ አሁን በእጅሽ ጨርሺው» አለኝ፣ ድምፁ ላይ ሳቅ አልነበረበትም። ፈራሁ እንዴ? አዎ ፈርቻለሁ፣ ምን እደብቃለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሆኗል። በእጅ መሥራት ማለት እንደ ድሮው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ሠንጠረዥ ቀኑን እያሰሉ መቀየር ነው፣ አሰላሁ፣ መጋቢት 14 ቀን 2012 ማለት ማርች 23 ቀን 2020 ነው፣ ሁለቴ አሰላሁ። ሁሉንም ተርጉሜ ጨረስኩ። መጨረሻ ላይ የሚገባ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፣ «ይህ ትርጉም ከዋናው ጋር ተመሳክሮ ትክክል መሆኑን እናረጋግጣለን» የሚል፣ «ማረጋገጫ» የሚባለው ትዕዛዝ ነው ሁልጊዜ የሚያስገባልኝ። እጄ ለምዶበት ሁለቱን ቁልፎች ተጫነ። ዝርዝሩ ባዶ አልነበረም። አንድ ትዕዛዝ ብቻ ነበረበት፣ «አመሳክር» ይላል።

እንደዚህ የሚባል ትዕዛዝ የለንም፣ ኖሮን አያውቅም። መረጥኩት። ስክሪኑ ላይ ምንም አልተፈጠረም። ዝናቡ የዚያን ሰዓት አቁሟል፣ የታክሲው ረዳትም ሄዷል፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከጋሽ ወንድሙ ጠረጴዛ፣ እያየሁት፣ ዓይኔን ሳልነቅል፣ ኳ ኳ አለ። የነካው ነገር የለም። የሚነካው ሰው የለም።

እናንተ ብትሆኑ ትሮጡ ይሆናል፣ እኔ ግን ተናደድኩ። «አቦ አትጨቅጭቁኝ! አመሳክራለሁ!» ብዬ ጮህኩ፣ ባዶ ወንበር ላይ፣ ብቻዬን። ከዚያ ማኅደሩን እንዳለ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩትና ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፣ ውሳኔውን፣ የልጅቷን የልደት ወረቀት፣ የእትዬን መታወቂያ፣ ያልተጠየቅሁትን ሁሉ። ከሁሉም ሥር ታጥፎ የተቀመጠ አንድ ቅጠል ወረቀት አገኘሁ፣ ከአንድ አረብ አገር ሆስፒታል የመጣ፣ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሞት ማስረጃ ነው። ፍርድ ቤቱ «ተረጋገጠ» ያለው በዚህ ነው። ስም ዘነበች ታደሰ፣ ዜግነት ኢትዮጵያዊት፣ ቀኑ ደግሞ በቁጥር ብቻ፣ 14/7/2012።

ማንበቤን አቆምኩ። ማንም ኳ ኳ ማለት አላስፈለገውም።

የእኛ ሰው 14/7/2012 ሲያይ ምን ያነባል? ሰባተኛው ወር መጋቢት ነው፣ መጋቢት 14 ቀን 2012። ቤተሰቡም፣ ደንብ ጸሐፊውም፣ ዳኛውም እንደዚያ አንብበውታል። ወረቀቱ ግን የፈረንጅ ነው። በፈረንጅ ሰባተኛው ወር ጁላይ ነው፣ ዓመቱም የእነሱ 2012 ነው፣ ወደ እኛ ሲመለስ ሐምሌ 7 ቀን 2004 ዓ.ም. ይሆናል። ሜሮን የተወለደችው ጥር 2007 ነው። ይቺ ሴት የሞተችው ሜሮን ከመወለዷ ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት ነው ማለት ነው። ስሟ አንድ የሆነ ሌላ ሴት ናት፣ የሜሮን እናት አይደለችም።

ብናገር ውሳኔው ውሸት ነው፣ ውሳኔው ከሌለ አሳዳጊ የለም፣ አሳዳጊ ከሌለ ልጅቷ አትሄድም። ዝም ብል ደግሞ ምናልባት በሕይወት ያለችን ሴት ሞታለች ብዬ በእንግሊዝኛ ጽፌ ማኅተም ልመታባት ነው። በመጨረሻ ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። ሜሮን አግዳሚው ላይ ተኝታለች። እትዬ ታየችን ወደ ደረጃው ጠጋ አደረግኋቸው።

«እትዬ፣ ይሄን ወረቀት ማን ነው ያመጣልዎ?»

«ደላላው። እህቴን አረብ አገር ለሥራ የላካት ሰውዬ። ምነው?»

«ቀኑ የፈረንጅ ነው እኮ። ይቺ የሞተችው ሴት... እህትዎ አይደለችም።»

እንዲጮኹ፣ እንዲያለቅሱ ጠብቄያለሁ፣ ቢወድቁ ልደግፋቸው እጄን ዘርግቼ ነበር። እሳቸው ግን ዞር ብለው ልጅቷን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አውቃለሁ» አሉኝ።

«ምን?»

«አውቃለሁ አልኩሽ። ቀኑንስ እኔም እንደ ሰው ሁሉ መጋቢት ነው ብዬ ነበር። መደወል ያቆመችው በዚያው ወር ነዋ፣ ኮሮና የገባ ሰሞን። ድንኳን ጥዬ አልቅሼባታለሁ፣ ተዝካሯን አውጥቻለሁ። ኋላ አንድ ቀን ወረቀቱን ሳገላብጥ አርባ አንድ የሚል ቁጥር አየሁ፣ ሳስነብበው የሟቿ ዕድሜ ነው አሉኝ። ፈረንጅኛ አላነብም እንጂ ቁጥር አያመልጠኝም፣ ነጋዴ ነኝ። እህቴ የዚያን ጊዜ ሃያ ሰባት ነበረች።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ለምን አልፈለጓትም?»

«አልፈለግኋትም?» አሉኝ፣ ዓይናቸው አሁን ነው የሞላው። «ያልረገጥኩት ቢሮ የለም። አለችም የሚለኝ የለም፣ የለችም የሚለኝ የለም። ይቺ ልጅ ደግሞ ታመመች። እናት ካለች እናት ትፈርም ይላሉ፣ እናት ከየት ላምጣ? እናቷ ሞታለች ያልኩ ቀን ነው ሁሉም በር የተከፈተልኝ። እህቴን በወረቀት ገደልኳት፣ ልጇ እንድትተርፍላት። እሷም ብትሆን ይሄንኑ ነበር የምታደርገው። አሁን እንግዲህ የምታደርጊውን አድርጊ፣ እኔ አንቺን ምን እልሻለሁ።»

ተመልሼ ገባሁ። የአረቡን ወረቀት አጥፌ ማኅደሩ ሥር እንደነበረ መለስኩት፣ የተጠየቅሁት ውሳኔውን እንጂ እሱን አይደለም፣ ውሳኔው ደግሞ መጋቢት 14 ቀን 2012 ነው የሚለው፣ እኔ የተረጎምኩት ያለውን ነው፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ለራሴ እየተናገርኩ ነበር። ፋይሉ እንደተከፈተ ነው፣ ምንም አልነካሁትም። ሁለቱን ቁልፎች ተጫንኩ። «ቀን ቀይር»፣ «ስም ጻፍ»፣ «ማረጋገጫ»፣ ሦስቱም ተደርድረው ቁጭ ብለዋል፣ ያ «አመሳክር» የሚለው የለም። «ማረጋገጫ»ን መረጥኩ፣ ዓረፍተ ነገሩ ገባ፣ አተምኩ፣ ማኅተሙን መታሁ። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ላይ እትዬ ታየች ልጅቷን አዝለው ወረቀቱን ብብታቸው ውስጥ ከትተው ሲወርዱ ከላይ ሆኜ አየኋቸው። ደረሱ፣ ማታ ደውለው «ተቀበሉኝ» አሉኝ፣ እያለቀሱ ነበር።

በማግሥቱ ጋሽ ወንድሙ ሲመጡ ድምፃቸው ተዘግቷል፣ ለቅሶው ነው አሉ። እኔ «ጋሼ፣ እርሳስዎን ትናንት የት አስቀመጡት?» ስላቸው ከኮታቸው ኪስ አወጡና አሳዩኝ፣ ሰንዳፋ ድረስ ይዘውት ሄደዋል፣ «ምን ፈለግሽ?» አሉኝ፣ «ምንም» አልኳቸው። ናትናኤልም ቅዳሜ መጥቶ ግማሽ ቀን ኮምፒውተሬ ላይ ተደፋ። «አመሳክር» የሚለውን ቃል ፕለጊኑ ውስጥ፣ ኤዲተሩ ውስጥ፣ በሙሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ ፈለገው፣ የለም። ሰባተኛውን መስመር ራሱ ጻፈው፣ ሦስቱም ትዕዛዞች አሉ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠፉም። እንዳበደ ሰው አየኝ፣ ግን በስልክ አንድ በአንድ ስነግረው እሱም ሰምቷል፣ ስለዚህ አልሳቀብኝም።

ሜሮን ሄዳ ታክማ ተመለሰች። ከጥምቀት በኋላ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ደረጃውን የሚወጣ ፈጣን እግር ሰማሁ፣ በሩ ተከፈተ፣ እሷ ናት፣ ከንፈሯ ቀልቷል፣ አክስቷን አንድ ፎቅ ቀድማ ነው የወጣችው። እትዬ ታየች ኋላ እያለከለኩ ትልቅ ድፎ ዳቦ ይዘው ገቡ፣ ጋሽ ወንድሙን መረቁ፣ እኔንም መረቁኝ፣ አቅፌያቸው አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው፣ እኔ እንዲህ አላለቅስም። ጋሽ ወንድሙ ዳቦውን ሊባርኩ ከእሳቸው ጋር ወዲያ ሲሉ ሜሮን ወደ ጠረጴዛዬ መጣች።

«የእማዬን ወረቀት የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ የኔ ቆንጆ፣ ግን የተረጎምኩት ነው።»

«ሞታለች ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«ዋናው ወረቀት እንደዚያ ስለሚል ነው» አልኳት። ለልጅ የሚሰጥ መልስ መሆኑን እናንተ ፍረዱ።

ወደ አክስቷ ዞር ብላ አየችና ጠጋ አለችኝ። «ለእቴቴ እንዳትነግሪያት። የቤታችን ስልክ ላይ አንዳንዴ የውጭ አገር ረጅም ቁጥር ይደውላል። እቴቴ ሱቅ ስትሆን እኔ ነኝ የማነሳው። አያወሩም። ግን አይዘጉትም።»

«ማን ነው?»

«እኔ እንጃ። ትምህርት ቤት የዋልኩትን እነግራታለሁ። የልቤን ስፌትም ነግሬያታለሁ።»

ቁጥሩን ታውቂዋለሽ ወይ አልኳት፣ በቃሌ አውቀዋለሁ አለችኝ። ወረቀት ሰጠኋት፣ ቁጥሩን በሚያምር እጅ ጽፋ፣ መልሳ አንዴ በጣቷ እየተከተለች አይታ፣ ሰጠችኝ። ቦርሳዬ ውስጥ አለ። አንዲት ሴት አንስታ «አቤት» ብትለኝ ምን እንደምላት አላውቅም፣ ልጅሽ ድናለች ልበላት፣ ሞተሻል ብዬ የጻፍኩብሽ እኔ ነኝ ልበላት። ማንም የማያነሳው፣ ከነጭራሹ የሌለ ቁጥር ቢሆንስ የሚለውን ደግሞ ላስበው አልፈልግም። ይኸው አሁን ግንቦት ገብቷል፣ አልደወልኩበትም።